መሬቱ የሚሰጠውና ገበያው የሚለው፦ የነዳጅ ሮያሊቲ አክሲዮንን በረጅም ጊዜ አማካይ ስለመመዘን



በስልካችሁ ላይ የአሜሪካን አክሲዮን የምትገዙበትን መተግበሪያ ከፍታችሁ «ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ የሚከፍሉትን አሳየኝ» ብትሉት፣ ከዝርዝሩ አናት አካባቢ ስማቸው «ሮያሊቲ ትረስት» ብሎ የሚያልቅ ጥቂት ድርጅቶች አይጠፉም። በዓመት አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከመቶ እንደከፈሉ ተጽፎ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ልቡ መሳቡ አይቀርም። ጠንቀቅ የሚለው ደግሞ ቻርቱን ይከፍትና ዋጋው ከ200 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ በላይ መሆን አለመሆኑን ያያል። በላይ ከሆነ ይገዛል፤ በታች ከሆነ ያልፈዋል።

ዛሬ የምንነጋገረው ያ መስመር ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መስመሩን አልንቀውም። ነገር ግን በሮያሊቲ አክሲዮን ላይ አማካዩ በዋጋ ብቻ ከተሰላ ሥራው ከግማሽ አላለፈም። ሌላው ግማሽ መሬቱ በሚያስገባው ክፍያ ላይ የሚሰላ አማካይ ነው፤ ከዚያ በኋላም የሚነበብ ውል አለ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ሮያሊቲው ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ማዕድን አውጪ ኩባንያ የሮያሊቲ ክፍያውን የሚያስገባው ለመንግሥት ነው። በአሜሪካ ግን፣ ለምሳሌ በቴክሳስ፣ አንድ ገበሬ ከእርሻው ሥር ያለው ነዳጅ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ላዩን መሬት ሸጦ ከሥር ያለውን ለልጆቹ ማስቀረትም መብቱ ነው። ቆፋሪ ኩባንያ ሲመጣ ይዋዋላሉ። ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ይቆፍራል፣ ያወጣል፣ ይሸጣል፤ ባለመሬቱ ከሽያጩ ድርሻውን ይቀበላል። ድሮ የተለመደው አንድ ስምንተኛ ነበር፤ ዛሬ ደህና በሚባለው የቴክሳስ መሬት ላይ እስከ አንድ አራተኛ ይደርሳል።

ከ1967ቱ የእኛ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን ሥርዓት ያያችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። ባለርስቱ በሬ ሳይጠምድ፣ ዘር ሳያዋጣ፣ ከጭሰኛው አውድማ ሲሶ ወይም እርቦ ያነሣ ነበር። ሰብሉ ሲከፋ ድርሻው ያንሳል፤ የበሬ ዕዳ ግን የለበትም። የነዳጅ ሮያሊቲ ባለቤትም እንደዚሁ ነው። ብቻ በነዳጁ ሰፈር ሁለት ዓይነት ውል አለ። አንደኛው ከሽያጩ በቀጥታ የሚነሣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መጀመሪያ የዘሩና የበሬው ወጪ ተቀንሶ ከተረፈው የሚነሣ ነው። በሁለተኛው ውል ቆፋሪው በአንድ ዓመት ብዙ ጉድጓድ ከቆፈረ ለባለ ድርሻው የሚተርፍ ሳንቲም ላይኖር ይችላል። በኒው ሜክሲኮ የተፈጥሮ ጋዝ ላይ የቆመው ሳን ሁዋን ቤዚን ሮያሊቲ ትረስት በ2024 ክፍያ ያቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። የቁፋሮው ወጪ ከገቢው በልጦ ትረስቱ ባለዕዳ መስሎ ተገኘ። ሁለቱም ዓይነት ግን በመተግበሪያው ላይ «ሮያሊቲ» ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በ1980ዎቹ ብዙ የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያዎች እነዚህን ድርሻዎች ከሌላው ንብረታቸው ለይተው በትረስት ሥር አስቀመጡና ለሕዝብ በዩኒት ሸጡ። ትረስት ማለት እዚህ ላይ ሠራተኛም ሥራ አስኪያጅም የሌለው፣ አንድ ባንክ በባለአደራነት መዝገቡን የሚይዝለት የገንዘብ ቧንቧ ነው። የገባው ገንዘብ ጥቂት የጽሕፈት ቤት ወጪ ተቀንሶ ለባለ ዩኒቶች ይከፋፈላል። አብዛኞቹ አዲስ መሬት እንዳይገዙ ውላቸው ይከለክላቸዋል። ይህችን ክልከላ ልብ በሉልኝ። ተራ ኩባንያ ካተረፈው ቀንሶ አዲስ ፋብሪካ ይተክላል። ትረስቱ ግን የያዘው ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ በየዓመቱ ይደክማል። ስለዚህ በየወሩ ከሚደርሳችሁ ክፍያ ከፊሉ ትርፍ ሳይሆን የራሳችሁ ንብረት ተቆርሶ የሚመለስላችሁ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግም ይህን ስለሚያውቅ ለባለ ዩኒቱ የመመናመን ተቀናሽ ይፈቅድለታል።

አሁን ወደ መስመሩ። የ200 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ ምሥጢር የለውም፤ ያለፉት 200 የገበያ ቀናት የመዝጊያ ዋጋ ተደምሮ ለ200 ይካፈላል። ነገ አንድ አዲስ ቁጥር ይገባል፣ ከሁሉ የቆየው ይወጣል። ዓመቱ 252 ያህል የገበያ ቀናት ስላሉት 200 ቀን ማለት ወደ ዘጠኝ ወር ተኩል ይጠጋል። በወር የሚያሰሉት የ10 ወር አማካይ ይሉታል፤ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አማካዩን የሚያነቃንቀው የሚገባው ቁጥር ብቻ አለመሆኑ ነው። ዛሬ 60 ዶላር ገብቶ ከ200 ቀን በፊት የነበረው 40 ቢወጣ አማካዩ 20 ለ200 ሲካፈል በሚገኘው፣ ማለትም በአሥር ሳንቲም ከፍ ይላል። ትናንት ዋጋው 63 ኖሮ ዛሬ ወደ 60 ወርዶ እንኳ አማካዩ ይወጣል። ስለዚህ «አማካዩ ወደ ላይ ዞረ» ሲባል አንዳንዴ የሆነው ነገር ያለፈው ዓመት ክፉ ቀናት ከስሌቱ መውጣታቸው ብቻ ነው። በ2020 ሚያዝያ፣ የወረርሽኙ ጊዜ፣ የአሜሪካ ድፍድፍ የቅርብ ወር ውል ከዜሮ በታች ወርዶ በ−37.63 ዶላር ተዘጋ። ከዚያ ከዘጠኝ ወር ተኩል ገደማ በኋላ የብዙ ነዳጅ ነክ ነገሮች አማካይ ቀና ያለው በከፊል እነዚያ ቀናት ስለወጡ ነው።

ሁለተኛው ነገር መዘግየቱ ነው። የ200 ቀን አማካይ የጊዜው መካከል የዛሬ መቶ ቀን ገደማ ነው። ዋጋ ወጥ በሆነ ፍጥነት ሲወርድ መስመሩ የሚያሳያችሁ የአምስት ወር ያህል አሮጌ ዋጋ ነው። ይህ ጉድለት ብቻ ሆኖ እንዳይታያችሁ፤ ዘገምተኛ መሆኑ የዕለት ጫጫታ እንዳያባክነው ያደርገዋል።

ለመሆኑ ይሠራል? ጥያቄው በቡና ላይ ክርክር ብቻ አልቀረም። ብሮክ፣ ላኮኒሾክና ለባሮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1992 ባሳተሙት ጥናት የዳው ጆንስን ዋጋ ከ1897 እስከ 1986 ወስደው ቀላል የአማካይ ሕጎችን ፈተኑ፤ ሕጎቹ ዝም ብሎ በዕድል የማይገኝ የመተንበይ ጉልበት አሳዩ። ሰባት ዓመት ቆይተው ሱሊቫን፣ ቲመርማንና ዋይት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕጎችን አሰልፈው፣ ከብዙ ሕግ መካከል አንዱ ጥሩ መስሎ መገኘቱ በራሱ አጋጣሚ ሊሆን እንደሚችል አሰቡበት፤ ከ1986 ወዲህ ባሉት ዓመታት ያ ጉልበት ሊገኝ አልቻለም። መብ ፋበር በ2007 የ10 ወር አማካይን በተለያዩ የሀብት ዓይነቶች ላይ ሲፈትን ዋናው ጥቅሙ ከትልቅ ውድቀት ማዳኑ እንደሆነ አሳየ። እኔ ሦስቱን አንድ ላይ ሳነብ የምረዳው መስመሩ ሀብት የሚያበዛ ማሽን ሳይሆን ጉዳት የሚቀንስ ልጓም መሆኑን ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ጥናቶች የሠሩት በሰፋፊ የገበያ ጥቅሎች ላይ ነው። እየመነመነ በሚሄድ በአንድ ጉድጓድ ላይ አይደለም። ቻርት የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ሲጠቅሱ ብዙም አይሰማም።

እስቲ ወደ አንድ እውነተኛ ጉዳይ እንቅረብ፤ በዚህኛው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። በሰሜን አላስካ ፕሩዶ ቤይ የሚባል የነዳጅ መስክ አለ። በ1968 የተገኘ፣ በአሜሪካ ከተገኙት ሁሉ ትልቁ ነው፤ በደጉ ዘመኑ በቀን 1.5 ሚሊዮን በርሜል ያህል ይሰጥ ነበር። በ1989 የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ከዚያ መስክ ምርቱ አንድ ድርሻ ቆርሶ ቢፒ ፕሩዶ ቤይ ሮያሊቲ ትረስትን አቋቋመና በኒውዮርክ ገበያ አወጣው። ድርሻው በቀን ከሚመረተው የመጀመሪያው 90,000 በርሜል ላይ 16.4246 ከመቶ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ትረስቱ የጡረተኞች ዓይን ማረፊያ ሆነ። በ2011 አካባቢ አንዱ ዩኒት ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር።

በ2014 ሰኔ ድፍድፍ ነዳጅ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። በነሐሴ ከ200 ቀን አማካዩ በታች ወረደ፤ ያኔም ገና ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። በ2016 የካቲት 26 ዶላር አካባቢ ደረሰ። የነዳጁን አማካይ ተመልክቶ የትረስቱን ዩኒት የሸጠ ሰው ከብዙ መከራ ድኗል። ይህን ለመስመሩ ክብር እመሰክራለሁ። «ክፍያው እኮ አሁንም ይመጣል» ብሎ የተቀመጠው የሚቀበለው ከወራት በፊት የተሸጠ ነዳጅ ሂሳብ መሆኑን አላወቀም።

አሁን የውሉን ሌላ ገጽ ልክፈትላችሁ። ከእያንዳንዱ በርሜል የሚከፈለው የሚሰላው እንዲህ ነበር። የድፍድፉ የገበያ ዋጋ ይወሰድና «ተቀናሽ ወጪ» የተባለ ቁጥር ይነሣለታል፤ ቀጥሎ የምርት ታክሱ ይነሣል፤ የቀረው ላይ ድርሻው ይሰላል። ተቀናሽ ወጪው ኩባንያው በዓመቱ በእውነት ያወጣው ወጪ አይደለም። በ1989 በውሉ ላይ ዓመት በዓመት የተጻፈ ሠንጠረዥ ነው። በ2018 20 ዶላር፣ በ2019 23.75፣ በ2020 26.50፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 2.75 ይጨመራል። በዚያ ላይ ቁጥሩ በዋጋ ንረት ማስተካከያ ይባዛል፤ ማባዣው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሁለት በላይ ሆኖ ነበር።

እስቲ እናስላ። ለ2023 በሠንጠረዡ መሠረት 34.75 ዶላር ይደርሳል። በሁለት ብቻ ብናባዛው እንኳ ወደ 70 ይጠጋል፤ ትክክለኛው ማባዣ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ታክሱ ገና አልተነሣም። የ2023 ድፍድፍ በአማካይ 78 ዶላር ገደማ ነበር። ለባለ ዩኒቱ ምን ተረፈ? ምንም። በ2023ም በ2024ም ለተመረተው ነዳጅ ምንም አልተከፈለም። ውሉ ደግሞ ገቢው ሁለት ዓመት በተከታታይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ካነሰ ትረስቱ ይፈርሳል ይላል፤ በ2024 ታኅሣሥ 31 ፈረሰ። በዚያን ጊዜ ዩኒቱ ከአንድ ዶላር በታች ነበር።

እንግዲህ በመካከል ያለውን 2022ን ተመልከቱ። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግሥት ድፍድፍ ከ100 ዶላር አለፈ፤ የትረስቱ ዋጋ በ2021 መጨረሻ ከነበረበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ። አማካዩ ቀና አለ፤ የአጭር ጊዜው አማካይ የረጅሙን አቋርጦ ወጣ፤ ቻርት የሚያነቡ ሰዎች «ወርቃማው መስቀል» የሚሉት ይሄው ነው። ክፍያውም ጥሩ ነበር። ሁሉ ነገር «ዳነ» የሚል ይመስላል። ሠንጠረዡን የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ስሌት ይሠራል፦ 2.75 በሁለት ሲባዛ አምስት ዶላር ተኩል ነው፤ ስለዚህ ክፍያው ባለበት እንዲቆይ ብቻ የነዳጅ ዋጋ በየዓመቱ ቢያንስ ይህን ያህል መጨመር አለበት፤ ንረቱ ደግሞ በላዩ አለ። እንዲህ ያለ ነዳጅ በዓለም ላይ የለም። የትረስቱ የሞት ቀን በግምት ከሠላሳ ዓመት በፊት በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ የ200 ቀን አማካይ ደግሞ ከ200 ቀን በፊት ያለውን አያውቅም፤ ከፊቱ ያለውንማ ጭራሽ።

በ2022 በጸደይ ገዝቶ መስመሩ ሲሰበር የወጣ ነጋዴ ምናልባት አትርፏል፤ እሱን አልወቅስም። የተጎዳው የቻርቱን ምልክት የጤንነት ማረጋገጫ አድርጎ ወስዶ ዩኒቱን ለልጆቹ ትምህርት ያስቀመጠው ነው።

ሌላ ትረስት እንይ፤ ይህኛው ተቃራኒ ነው። ሳባይን ሮያሊቲ ትረስት በ1982 መጨረሻ ተቋቋመ። 14,579,345 ዩኒቶች አሉት፤ ድርሻዎቹ በቴክሳስ፣ በኦክላሆማ፣ በሉዊዚያና፣ በኒው ሜክሲኮ፣ በሚሲሲፒና በፍሎሪዳ የተበተኑ ናቸው። ሲመሠረት ዕድሜው አሥር ዓመት ያህል ይሆናል ተብሎ ተገምቶ ነበር። አሁን አርባ ዓመት አልፎት በየወሩ ይከፍላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ድርሻው በአብዛኛው በጥሬ ሽያጭ ላይ ነው፤ መሬቱ ደግሞ ሰፊ በመሆኑ በ1982 ማንም ያላሰበው የአግድም ቁፋሮ ሲመጣ ሌሎች በገንዘባቸው እንደገና ቆፈሩበት። የመሬት ስፋትና አዲስ ቁፋሮ ካለ መመናመኑ ይዘገያል። የፕሩዶ ቤይ ዓይነት ውል ግን ቁፋሮ ቢበዛም አያድነውም።

ሳባይን ላይ የዋጋ አማካይ ብቻውን እንዴት እንደሚያሳስት ላሳያችሁ። በ2020 ዩኒቱ ከ30 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በ2022 ከ80 በላይ ሆነ። የ2022 ክፍያ ከ8 ዶላር በላይ ሲሆን የ2020ን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። በዚያ ዓመት መጨረሻ መተግበሪያው የሚያሳየው «አሥር ከመቶ ይከፍላል» የሚል ነው፤ ዋጋውም ከረጅሙ አማካይ ብዙ የራቀ አልነበረም። ይሁንና ያለፉት አምስት ዓመታት ክፍያ አንድ ላይ ተደምሮ ለአምስት ሲካፈል ከ8ቱ ግማሽ ገደማ ነው የሚሆነው። ስለዚህ በ80 ዶላር የገዛ ሰው በረጅሙ ዓይን የገዛው አምስት ከመቶ የሚከፍል፣ ያውም ከፊሉ የራሱ ንብረት ተመላሽ የሆነ ነገር ነው።

ለምን አምስት ዓመት? የነዳጅ ዋጋ ዑደት ከአንድ ዓመት ይረዝማልና። 2014 ውድቀት፣ 2016 ጥልቀት፣ 2018 ማገገም፣ 2020 ገደል፣ 2022 ጫፍ። የአንድ ዓመት ክፍያ ከዚህ ማዕበል አንዱን ጎን ብቻ ያሳያል። አምስት ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መውጣቱንና መውረዱን ይይዛል። ሰባትም ብትሉ አልከራከራችሁም፤ ከሦስት በታች ግን አትውረዱ።

እዚህ ላይ ስለ ቻርቱ ራሱ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ጉዳዩ ትንሽ ያደክማል፣ ግን ሳይታወቅ ብዙ ሰው ያጠፋል። ዩኒቱ ክፍያ ሲያወጣ ዋጋው በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ በዓመት 3 ዶላር የከፈለና ዋጋው ከ20 ወደ 18 የወረደ ትረስት ባለቤቱ እጅ ላይ 21 አስቀምጧል። ባልተስተካከለው ቻርት ላይ ግን የሚታየው ውድቀት ነው፤ አማካዩም ወደ ታች ያዘነብላል፤ መስመሩ «ውጣ» ይላል። አንዳንድ መተግበሪያዎች ይህን ለማረም ያለፉትን ዋጋዎች ክፍያውን ቀንሰው ዝቅ አድርገው ይሰምሯቸዋል፤ ያኔ ደግሞ አሮጌው ዋጋ ማንም ገዝቶበት የማያውቅ ቁጥር ይሆናል፤ ብዙ በሚከፍል ትረስት ላይ መስመሩ ወደ ላይ የማዘንበል ልማድ ያመጣል፤ መመናመኑ ከዓይን ይሰወራል። የትኛው ይሻላል? ባለቤቱ በእውነት ከስሮ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ የተስተካከለውን ተመልከቱ። ገበያው ከመሬት በታች የቀረውን ምን ያህል አድርጎ እንደሚገምተው ለማወቅ ያልተስተካከለውን። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲወርዱ ነገሩ ከባድ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የምታዩት የትኛውን እንደሆነ እወቁ፤ ብዙ ሰው ይህን ቅንብር ከፍቶ አይቶት አያውቅም።

የነዳጁን አማካይ ለብቻው መስመርም ይረዳል። ሳባይንን በመሰለ ትረስት በዚህ ወር የሚከፈለው ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የተሸጠ ነዳጅና ጋዝ ነው። የድፍድፉ ዋጋ ከረጅም አማካዩ በታች ከወረደ ቆይቶ ሳለ የመጨረሻው ክፍያ ገና ወፍራም ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ትረስቶች ዋጋቸውን በውል አስቀድመው ስለማያስሩ ዝቅታው ሙሉ በሙሉ ይደርሳቸዋል። ጋዝ የሚበዛበት ትረስት ከሆነ ደግሞ የጋዙን እንጂ የድፍድፉን መስመር አትከተሉ፤ ሁለቱ በየፊናቸው የሚሄዱባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

«ታዲያ ሮያሊቲ የሚባል ሁሉ ይመነምናል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይደለም። ቴክሳስ ፓሲፊክ ላንድ የተወለደው በ1888 ከከሰረ የባቡር ኩባንያ ነው። ለአበዳሪዎቹ በገንዘብ ፋንታ 3.5 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ተሰጠ፤ ይህ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሄክታር ነው። ለመቶ ዓመት መሬቱን በዝግታ እየሸጠ የራሱን ድርሻ ከገበያ ሲለቅም ኖረ፤ ዛሬ የቀረው 880,000 ኤከር ገደማ ነው። ነገር ግን በዌስት ቴክሳስ፣ በፐርሚያን ሸለቆ፣ የአግድም ቁፋሮ ሲመጣ ያ ደረቅ መሬት ወርቅ ሆነ። በ2021 ከትረስትነት ወደ ኩባንያነት ተለወጠ፤ በ2024 ኅዳር ኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ ገባ። ይህኛው ዘላለማዊ ባለመሬት ነው፤ ከሮያሊቲው ሌላ ለቆፋሪዎች ውኃ ይሸጣል፤ ለመንገድና ለቧንቧ ማሳለፊያም ያስከፍላል። የሚያከፋፍለው ከዋጋው አንጻር ትንሽ ስለሆነ የአምስት ዓመት የክፍያ አማካይ እዚህ ብዙም አያገለግልም። የዋጋው ረጅም አማካይ የተሻለ ይሠራል፤ እሱም ሳይደናቀፍ አይደለም፦ በ2020 መጀመሪያ ዋጋው በሳምንታት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዶ፣ ዓመቱን ሙሉ አማካዩን ወዲያና ወዲህ ሲሻገር ከረመ፤ በእያንዳንዱ መሻገሪያ የሸጠና የገዛ ሰው ደላላውን አበለጸገ። በ2024 መጋቢት ደግሞ አንዱ አክሲዮን ለሦስት ተከፈለ፤ ይህን ያላስተካከለ ቻርት በአንድ ቀን ሁለት ሦስተኛ የወደመ ያስመስለዋል።

ስለዚህ በእኔ አሠራር ረጅሙ የዋጋ አማካይ ለመውጫ እንጂ ለመግቢያ አይሆንም። ለመግቢያ መጀመሪያ የውሉን ዓይነት እጠይቃለሁ፦ ከጥሬ ሽያጭ ነው ወይስ ከተጣራ? ቀጥዬ ዋጋውን ለአምስት ዓመቱ የክፍያ አማካይ አካፍላለሁ፤ ያለፉት አሥራ ሁለት ወራት ድምር ከዚያ አማካይ በጣም ከፍ ብሎ ከተገኘ ጥድፊያ የለብኝም። ከዚያ የምርቱን መጠን ለብቻው አያለሁ፤ በርሜሉ ዓመት በዓመት እየቀነሰ ክፍያው የጨመረው በዋጋ ብቻ ከሆነ ያ ደስታ የተበደረ ነው። ከገባሁ በኋላ ነው የ200 ቀን መስመር ጠባቂዬ የሚሆነው። ሌሎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሥራቸው ሌላ ነው።

ጥቂት ስለ አገራችን፣ መጠየቃችሁ ስለማይቀር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። ገና ወጣት በሆነ ገበያ ላይ የ200 ቀን አማካይ መስመር ይቻላል፤ ግን ግብይት ባልተካሄደበት ቀን የትናንቱ ዋጋ ስለሚደገም አማካዩ የሕዝብ ስሜት ሳይሆን የዝምታ አማካይ ይሆናል። የሚገበያየው የአክሲዮን ብዛት እስኪደልብ የትርፍ ድርሻውን ታሪክና የሂሳብ መግለጫውን ማንበብ ከቻርቱ ይበልጣል።

በውጭ አገር ለምትኖሩት ደግሞ ግብሩን አትርሱ። የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከእነዚህ ትረስቶች በሚደርሰው ክፍያ ላይ በመደበኛው 30 ከመቶ ከምንጩ ይቆረጥበታል፤ አሥር ከመቶ የተባለው ወዲያው ሰባት ይሆናል። የአሜሪካ ነዋሪ የሆነው የመመናመን ተቀናሹን ለመጠቀም ትረስቱ በየዓመቱ የሚያወጣውን የግብር መጽሔት ያስፈልገዋል፤ ለሂሳብ ሠራተኛችሁ ሳትሰጡት የቀረ ተቀናሽ ማንም አይመልስላችሁም።

ከእናንተ መካከል ከእነዚህ ዩኒቶች አንዱን አስቀድሞ የያዘ ካለ፣ የትረስቱ ዓመታዊ ሪፖርት በአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና ገበያ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ከመቶ በላይ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉን ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ሁለት ቦታ ፈልጉ፦ ሮያሊቲው የሚሰላበትን ቀመርና ትረስቱ የሚፈርስበትን አንቀጽ። በቀመሩ ውስጥ ከዓመት ዓመት የሚያድግ ቁጥር ካለ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡና ወደፊት አምስት ዓመት አስሉት፤ ከዚያ በኋላ ቻርቱን ክፈቱ።